መቋሚያ ጨብጦ የነዳው ሙሽራ

ስፖርት መኪና ውስጥ የገባሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው። እሱንም በጭንቅላቴ ነው የገባሁት። እግሬ ውጭ ቀርቶ፣ ነጠላዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ፣ የሙሽሪት ዘመድ በሙሉ ቆሞ እያየኝ። ወሬ አላበዛም፤ የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ «ጥሩነሽ፣ ኑዛዜሽ አጭር ነው» ይሉኛል። ይችን ግን ልጻፋት ያልኩት ለምስጋና ነው። ብትስቁም አልቀየማችሁም።

የፍኖተ ሰላም ሰው ነኝ። ባሌ ካረፈ ወዲህ ያኖረኝ የስፌት ሥራ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ የካህናት ካባ እሰፋለሁ። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ ይትባረክ። የእሱም እጅ ወደ ስፌት አደላና አዲስ አበባ ሂዶ የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ተማረ። ተመልሶ ሲመጣ ከቤታችን ፊት፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ የቆርቆሮ ዳስ ጣለ። «የመኪና ውስጥ ማስዋብ» ብሎም ጻፈበት። ጽሑፉን እየቆሙ የሚያነቡት ብዙ ነበሩ። የሚገባ ግን አልነበረም። የእኛ አገር ሹፌር ወንበሩ ሲቀደድ የማዳበሪያ ከረጢት ያለብሰዋል፤ ማስዋብ ካማረው ደግሞ የሚስቱን አንሶላ።

ልጄ ዓመት ሙሉ ጠበቀ። ከዚያ ዝም ማለት ጀመረ። እኔ ዝም ብል ልማዴ ነው፤ እሱ ግን ተጫዋች ነበረና ዝምታው አስፈራኝ። አንድ ቀን ራት ላይ ፊቴን ሳያይ፣ «እማ፣ ከጓደኞቼ ጋር ልወጣ ነው። በጅቡቲ በኩል። ደላላው የፊታችን ሰኞ ተነሡ ብሎናል» አለኝ።

በዚያ መንገድ ሂደው ባሕር የበላቸውን ልጆች እናቶች አውቃለሁ፤ አንዷ ጎረቤቴ ናት። ብዙ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ያልኩት «ወጥ ልጨምርልህ?» ነው። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ለኪዳነ ምሕረት ነገርኳት።

በማግሥቱ ነው ቀይዋ መኪና የመጣችው። የሞላልኝ ናት። ሞላልኝ የከተማችን በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ወጣት፣ ቀልድ የሚወድ። ባለ ሁለት በር፣ መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት ስፖርት መኪና ከአዲስ አበባ ገዝቶ አመጣ። አሮጌ ናት፤ ቀለሟ ያበራል፣ ውስጧ ግን አይጥ የከረመበት ይመስላል። እሑድ ሚስት ከቡሬ ሊያመጣባት ነው። ሌላው ሙሽራ ሹፌር ቀጥሮ ከኋላ ይቀመጣል። የዚች የኋላ ወንበር ግን ጠቦት እንኳ አይዝም፤ ስለዚህ ራሱ ሊነዳ፣ ሙሽሪትን ከአጠገቡ ሊያስቀምጥ ወሰነ። ሽማግሎቹ ተቃወሙ፤ ሰሚ አላገኙም።

«ወንበሩን ቀይና ጥቁር አድርግልኝ» አለው ልጄን። «ማርሹንም አሳምርልኝ። ሥሩን ቆዳ አልብሰው፣ እጀታውን ደግሞ በዚህ ለውጠው።»

ከኪሱ ያወጣው የሰው ራስ ቅል ነው፤ ከብረት የተሠራ፣ ጡጫ የሚያህል። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ጃንጥላ እየሰፋሁ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አልኩት።

«የማርሽ እጀታ ነው እትዬ። የአሁን ልጆች የሚያደርጉት ነው።»

«የሞተ ሰው ራስ ጨብጠህ ነው ሚስት የምታመጣ?»

«ዓይኑ ደግሞ ሲመሽ ይበራል» አለኝ፣ የሚያጽናናኝ መስሎት።

ይትባረክ በዓይኑ «የደንበኛ ነገር ነው፣ ተይው» አለኝ፤ ተውኩት። በነጋታው ሞላልኝ ዓይኑ ቀልቶ መጣ።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ምን አድርገውኝ ነው? ሌሊቱን በሕልሜ ሲያናግረኝ አደረ።»

«ማን?»

«ራስ ቅሉ ነዋ።»

«ምን አለህ?»

«ቀስ ብለህ ንዳ አለኝ።»

«ምክሩስ ደግ ነው።»

«ይቅርብኝ። ሌላ እጀታ ይፈለግልኝ። ባሕር ዳር የምሄድበት ጊዜ ግን የለኝም።»

«እኔ አሠራዋለሁ» አልኩ። ዝም ብል ኑሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ መቋሚያ የሚቀርጹ ሽማግሌ አሉ፣ አያ ውበቱ። በአካባቢያችን ያለ መዘምር ሁሉ በማኅሌት የሚደገፈው የእሳቸውን እጅ ሥራ ነው። ሄድኩላቸው።

«መቋሚያ ነው?» አሉኝ።

«የመኪና ማርሽ እጀታ ነው አያ።»

«እጅ ያርፍበታል?»

«ያርፍበታል።»

«እንግዲያ መቋሚያ ነው። የባለቤቱ ቁመት ምን ያህል ይሆናል?»

«ተቀምጦ ነው የሚይዘው።»

ሥራቸውን አቆሙ። «መቋሚያ ተቀምጦ?»

«በርበሬ ነጋዴ ነው» አልኳቸው።

«ይሁን» አሉ፣ ነገሩ የገባቸው ይመስል።

የቀረጹት ቁርጥ የመቋሚያ ራስ ነው፤ ከወይራ፣ ልስልስ ያለ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ክንፍ የዘረጋ። በማርሹ ዘንግ ጫፍ ላይ በሙጫ ሲተከል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምር ነበር። ሞላልኝ ጨበጠው። «አሁን መኪና የምነዳ ሳይሆን ማኅሌት የምቆም መሰለኝ» ብሎ ተደሰተ።

እኔም ጃንጥላዬን ትቼ ከልጄ ጋር ወንበር ስፌት ተቀመጥኩ። በልቤ የያዝኩት ነገር ነበረኝ። ሰርገኛው ሁሉ ይህን ሥራ ያያል፤ «ማን ሠራው?» ይላል፤ ደንበኛ ይጎርፋል፤ ልጄም ሰኞን ይረሳል። ስለዚህ አበዛሁት። ማርሹ ሥር የሚለብሰውን ቆዳ እንደ ሴት ቀሚስ ሸንሽኜ ሰፋሁት። በጣሪያው ዙሪያ ከጃንጥላ የተረፈ ወርቃማ ዘርፍ አንጠለጠልኩ። የሙሽሪትን ወንበር ደግሞ በስፖንጅ ላይ ስፖንጅ እየጨመርኩ ጎኑን አሳበጥኩት።

«እማ፣ በዛ» አለኝ ይትባረክ።

«የሰው ልጅ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ይመቻት።»

«ዘርፉስ? የምናነግሠው ታቦት የለ።»

«መርፌውን አቀብለኝ።»

ቅዳሜ ልጄ አስነሥቶ ሞከራት። ወደ ፊት ሄደች። ወደ ኋላም ሄደች። ወንበሩ ግን ባዶ ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

እሑድ ተነሣን። መንገዱ ሰላም የሆነበት ሰሞን ስለነበር ሰርገኛው ብዙ ነው። ሞላልኝ ቀይዋን መኪና ብቻውን እየነዳ ከፊት፣ እኔና ልጄ ከሚዜዎቹ ጋር በሚኒባስ ከኋላ። ማንኩሳን ስናልፍ ሰዉ መንገድ ዳር እየቆመ ያያታል። ዘርፌ በመስኮቱ ሲወዛወዝ ይታየኛል። ደስ አለኝ። ትዕቢት መሆኑን አውቃለሁ፤ ተናዝዤበታለሁ።

ቡሬ የሙሽሪት አባት ቤት ያለው በጠባብ መንገድ መጨረሻ ነው። ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር፣ ከፊቱ የሠርጉ ድንኳን። መኪናዋ ቀጥ ብላ እስከ ድንኳኑ ገባች፤ የምትወጣው እንግዲህ ወደ ኋላ ብቻ ነው። በር ተከለከልን፣ ተለማመጥን፣ ገባን፣ በላን፣ ጠጣን። ሽማግሎች መረቁ። ሙሽሪት ፍሬሕይወት የአባት የእናቷን ጉልበት ስማ፣ አልቅሳ፣ ወጥታ ተቀመጠች። ቬሎዋ ከእሷ በኋላ ነው የገባው፤ አክስቶቿ እየጠቀጠቁ አስገቡትና በሩን በጉልበት ዘጉት።

ሞላልኝ አስነሣ። ማርሹን ወደ ቀኝ ገፍቶ ወደ ኋላ ሳበ። መኪናዋ ክርር አለች። አልገባም። ደገመ። ክርር። እልልታው እየቀነሰ ሂዶ ቆመ።

«ቡሬን ወደደች መሰል፣ አልወጣም አለች» አለ ከሙሽሪት ወገን አንዱ ጎረምሳ።

«በበቅሎ ብትመጡ ኑሮ፣ በቅሎ እንኳ ልጓሟን ሲይዟት ወደ ኋላ ትላለች» አለ ሌላው።

«ፍኖተ ሰላሞች መምጣት እንጂ መሄድ አልተማሩም።»

ይትባረክ ሮጦ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ተመልሶ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «መቋሚያው ነው» አለኝ በጆሮዬ። «የኋላ ማርሹ የሚገባው በሙሽሪት በኩል ነው። ክንፉ ሂዶ አንቺ ያሳበጥሽው ስፖንጅ ላይ ይቆማል። ባዶውን ስሞክረው ስፖንጁ ይሸሽ ነበር፤ አሁን እሷ ተቀምጣበታለች።»

«መቋሚያውን ንቀለው።»

«አያ ውበቱ የተከሉትን ማን ይነቅላል?»

ከእኛ ሽማግሎች አንዱ፣ «እንግዲያ ሙሽሪት ለአፍታ ትውረድ» አሉ። የሙሽሪት አክስቶች ባንድ አፍ ጮኹባቸው፤ ተመርቃ የወጣች ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ተመልሳ አትወርድም። «እንግዲያ እንግፋት» አለ አንድ ሚዜ። ይኼኔ የሙሽሪት አባት ከድንኳኑ ወጡ። ረጅም፣ ካባ የደረቡ ሰው ናቸው።

«ልጄን በወግ በማዕረግ ዳርኩ እንጂ ገፍቼ አላስወጣሁም» አሉ ረጋ ብለው። «ከአባቷ ደጅ ተገፍታ። ያውም በጀርባዋ። የለም።»

እኔ በነጠላዬ ጫፍ ምላጭ ቋጥሬ ነው የምሄደው፤ የስፌት ሰው ነኝ። ሞላልኝን «ውረድ» አልኩትና በእሱ በኩል ልገባ ተጠጋሁ። መኪናዋ ዝቅ ማለቷን ረስቼዋለሁ። እንደ ሰው ልቀመጥ ብል ጉልበቴ እምቢ አለ። በስመ አብ ብዬ በጭንቅላቴ ገባሁ። ሆዴ በሹፌሩ ወንበር፣ እጄ በቬሎው ውስጥ፣ ጫማዬ አንዱ ወልቆ መንገድ ላይ።

«እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?» አለችኝ ሙሽሪት ከላይ።

«ወንበርሽን እየቀደድኩ ነው ልጄ።»

«እንዴ፣ ይመቻል እኮ። ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

ቬሎዋን ሰብሰብ አደረገችልኝ። እኔም ሌት ተቀን የሰፋሁትን በምላጭ ተረተርኩት። ያልጠበቅኩት ግን ስፖንጁን ነው። ያን ሁሉ አጭቄ ሰፍቼው ስለነበር ቀዳዳ ሲያገኝ እንደ ኩፍ ያለ ሊጥ ገንፍሎ ወጣ። የማርሹን ቦታ ጭራሽ ሞላው። ሞላልኝ ገብቶ ቢሞክር፣ ክርር እንኳ አላለችም።

ወጥቼ ቆምኩ። ፀጉሬ ላይ፣ ነጠላዬ ላይ ቁርጥራጭ ስፖንጅ። ሰዉ መሳቅ ጀመረ፤ መጀመሪያ ሴቶቹ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ይትባረክን ፈለግሁት። ከአጥሩ ተደግፎ፣ ለእኛ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወደ አስፋልቱ ያያል። ምን እንደሚያይ አወቅሁ። ሰኞን ነው የሚያየው። ልጄን ላስቀር ያልኩበትን ሥራ በገዛ እጄ መሄጃው አደረግሁት።

ያን ጊዜ ከአፌ የወጣውን አስቤ አልተናገርኩትም።

«ጋሼ» አልኳቸው የሙሽሪትን አባት። «ሙሽራ አትገፋም፤ እውነትዎን ነው። ግን ትታዘላለች።»

«ምን አልሽ?»

«እርስዎ ሚስትዎን ሲያመጡ ሚዜ አላዘላትም? ከአባቷ ደጅ እስከ በቅሎዋ?»

«አዝሏታል።» ወደ ባለቤታቸው ዞር አሉ። «ወገቡን እንዳመመው ነው ያረጀ።»

«ይችም ትታዘላ። ከነመኪናዋ።»

ሰውየው አዩኝ። መኪናዋን አዩ። እንደገና እኔን አዩ፤ ከጭንቅላቴ ላይ ያለውን ስፖንጅ መሰለኝ። ከዚያ ሳቁ ከሆዳቸው ተነሣ፤ ካባቸው ተንቀጠቀጠ።

«ልጆች፣ ምን ትቆማላችሁ?» አሉ። «ልጄን እዘሏት እንጂ።»

የእኛም የእነሱም ጎረምሶች ኮታቸውን አውልቀው ተረባረቡ። ያ በበቅሎ ነገር ሲሳለቅብን የነበረው ልጅ የፊት ጎማ ሥር ገባ። ግን እንዴት እንደሚያነሧት አላወቁም፤ አንዱ በመስተዋት ይዞ፣ አንዱ በመብራት። ይኼኔ የልጄን ድምፅ ሰማሁ።

«መስተዋቱን ልቀቅ። ከበሩ ሥር ነው የሚያዝ፣ እዚህ ጋ ብረት አለ። አንተ፣ ወዲህ ዙር። እኔ ስል እኩል ተነሡ።»

ከአጥሩ መቼ እንደተላቀቀ አላየሁትም። ሸሚዙን ጠቅልሎ፣ አንዱን ማዕዘን ይዞ ያዝዛል። አነሧት። እልልታው ቡሬን ያናወጠ መሰለኝ። ቀይዋ መኪና ከመሬት ተነሥታ፣ ዘርፏ እየተወዛወዘ፣ በትከሻና በትከሻ መሀል፣ መንገዱ ሰፋ እስካለበት ድረስ ሄደች። ሙሽሪት በመስኮት እጇን አውጥታ ታውለበልባለች። ሞላልኝ ከውስጥ መሪውን ጨብጦ፣ ወደ ቀኝ ሲያዞሯት ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ወደ ግራ ሲያዞሯት ወደ ግራ። ፊቷን ወደ ፍኖተ ሰላም አዙረው አስቀመጧት። ከዚያ በኋላ ወደ ፊት ብቻ ስለሆነ ያለ ችግር ሄደች።

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ይትባረክ ግንባሩን ከፊቱ ባለው ወንበር ላይ ደፍቶ ተቀመጠ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያለቅሳል ብዬ እጄን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ። ቀና ሲል በሳቅ እንባው ወርዷል።

«እማ» አለኝ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «መሪውን ሲያዞር አየሽው?»

«አየሁት።»

«በሰው እጅ ላይ ሁኖ እኮ ነው።»

እስከ ማንኩሳ ሳቀ። ዝም ይልና እንደገና ይነሣበታል። የልጄን ሳቅ ከሰማሁ ከርሜ ነበር። እኔም ሳቅኩ፤ በልቤ ግን ሰኞ ነገ ነው እያልኩ ነው።

ማታ በሞላልኝ ቤት ድግሱ ደመቀ። እኔ ሳህን ይዤ በድንኳኑ ጥግ ቆሜያለሁ። ሞላልኝ ካባውን እንደደረበ ወደ ልጄ መጣ።

«እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ፊት ብቻ ልንዳ?» አለው።

«አምጣት። የመቋሚያውን አንድ ክንፍ እቆርጠዋለሁ። ወንበሩንም እንደገና እሰፋልሃለሁ፤ እማን ሳላስጠጋ።»

«ነገ ላምጣት?»

«ነገ አንተ ሙሽራ ነህ። ማክሰኞ አምጣት።»

«ማክሰኞ ትኖራለህ? ልትሄድ ነው ሲሉ ሰምቼ።»

ልጄ ወደ እኔ አየት አደረገ። «ማክሰኞ አለሁ» አለው።

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሰኞ ደላላው ደወለ፤ ይትባረክ ከዳሱ ሳይወጣ አነጋገረው፤ ከዚያ ለሞላልኝ ወንበር ወደሚቆርጠው ቆዳ ተመለሰ። ጓደኞቹ ሄዱ። ስለ እነሱ ዛሬም እጸልያለሁ።

ከወራት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅሁት፤ ለምን ቀረህ ብዬ። «እማ፣ የምሄደው አፍሬ ነበር» አለኝ። «የከፈትኩት ዳስ ባዶ ሲሆን ሰው የሚስቅብኝ ይመስለኝ ነበር። ቡሬ ላይ በእውነት ሳቁብን። ከዚያስ ምን ሆነ? አብረን ተሸከምን፣ አብረን በላን። አንቺ ደግሞ ያን ስፖንጅ ከራስሽ ሳታራግፊ ከትልቅ ሰው ጋር ትነጋገሪያለሽ። ከዚያ ወዲያ የማፍርበት ነገር አጣሁ።»

የሳቀብን ሰው ደግሞ ወሬኛ ነው፤ ወሬው ከቡሬ አልፎ ሄደ። ሚኒባስ ነጂዎች «መኪና ያሳዘላችሁት እናንተ ናችሁ?» እያሉ መምጣት ጀመሩ። ለማየት መጥተው ወንበር አሠርተው ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ መቋሚያውንም ይፈልጋሉ፤ አያ ውበቱ አሁን ባለ አንድ ክንፍ ይቀርጻሉ። ደንበኛ ሲመጣላቸው ቁመቱን መጠየቅ ግን አልተዉም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እናቶች፣ ከእኔ የምትማሩት ብዙ ነገር ያለ አይመስለኝም። እኔ ራሴ የተማርኩት ትንሽ ነው። ልጄን በሚያምር ሥራዬ ላስቀረው ብዬ ለፋሁ፤ እግዚአብሔር ደግሞ በተበላሸው ሥራዬ አስቀረልኝ። ያማረው ሥራዬ ምን ያደርግልኝ እንደነበር አላውቅም። የተበላሸው ያደረገልኝን ግን ሺህ ዘርፍ ባንጠለጥል እንኳ አላገኘውም ነበር። አሁን ስጸልይ «እንዲህ አድርግልኝ» ማለቱን ቀንሻለሁ። የያዝኩትን አሳየዋለሁ፤ የቀረውን እሱ ያውቃል።

ተመስገን። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ሰዓቱ ሂዷል፣ ልጄም ከጠዋት ጀምሮ ዳሱ ውስጥ ነው፣ ምሳ አልበላም።